ቱቦ ይዞ ወደ ቤት የሚሄድ ሕፃን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የመመገቢያ ቱቦ ለነርስ እንግዳ ነገር አይደለም። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል የሠራች ነርስ ሁሉ፣ ቀጭኑን ቱቦ በአፍንጫ አስገብታ፣ ኤፍ-75 የተባለውን ወተት በሰዓቱ እየለካች አውርዳ፣ ሕፃኑ በአፉ መውሰድ ሲጀምር ቱቦውን አውጥታ ጥላለች። በዚያ ክፍል ቱቦ የጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው። ሐኪሙ በቅርብ ይገኛል፤ ቱቦውን የሚነካውም እጅ የሠለጠነ ነው። ይህ ንግግር የሚመለከተው ግን ሌላውን ቱቦ ነው፤ ይኸውም ከሕፃኑ ጋር ከሆስፒታል ወጥቶ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ እናቲቱ ቤት ገብቶ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚቆየውን ነው።

እነዚህ ሕፃናት እነማን ናቸው? አንዳንዶቹ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው መጥባትና መዋጥ ገና ያልቻሉ ናቸው። አንዳንዶቹ ላንቃቸው የተሰነጠቀ፣ ሌሎቹም በወሊድ ጊዜ በመታፈን አንጎላቸው ተጎድቶ መዋጥ የተሳናቸው፣ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ናቸው። ከተፈጥሮ የምግብ ቧንቧቸው የተቋረጠም አሉ። ሌላውና ሊቀር ይችል የነበረው ጉዳት የደረሰበት ደግሞ፣ ለሳሙና መሥሪያ የተገዛ ኮስቲክ ሶዳ በለስላሳ ጠርሙስ ተቀምጦ አግኝቶ የጠጣው ልጅ ነው። የዚህ ልጅ ጉሮሮ እየጠበበ ሄዶ ውሃ እንኳ አላሳልፍ ሲል፣ ቀዶ ሐኪሙ በሆዱ ላይ ቀዳዳ አበጅቶ ቱቦውን በቀጥታ ወደ ጨጓራ ያስገባለታል። ኮስቲክ ሶዳን በመጠጥ ጠርሙስ የማስቀመጥ ክፉ ልማድ ራሱን የቻለ ንግግር ይሻል፤ እዚህ ላይ ይታለፍ።

በሆድ በኩል የመመገብ ሥራ፣ ማለትም ጋስትሮስቶሚ፣ አሳቡ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ሴዲዮ እ.ኤ.አ. በ1849 በሰው ላይ ሞክሮት በሽተኛው አልተረፈም። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ጋውደረርና ፖንስኪ የተባሉ ሐኪሞች ሆድ ሳይከፈት በኢንዶስኮፕ እየተመለከቱ ቱቦውን የማስገባት ዘዴ ሲጀምሩ፣ የመጀመሪያው ታካሚ ሕፃን ነበረ። ለዚሁ ተብሎ በፋብሪካ የተሠራው ቱቦ በማይገኝበት ሥፍራ ደግሞ ለሽንት የተሠራው ፎሊ ካቴተር በምትኩ ይገባል። ይህ የችግር ብልሃት ሕይወት ያተርፋል፤ ነገር ግን የራሱ ጠባይ ስላለው ወደ ኋላ ይነሣል።

በመጀመሪያ የሚነሣው የትምህርት ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ እናቲቱ ስለ ቱቦው የምትማረው ሕፃኑ በሚወጣበት ቀን፣ ዕቃዋን በምትሰበስብበት፣ ባልዋ ሒሳብ በሚከፍልበትና ታክሲው በሚጠብቅበት ሰዓት ነው። ነርሷ ቆማ ታሳያለች፤ እናቲቱ ራሷን ትነቀንቃለች፤ «ገባሽ?» ትባላለች፤ «አዎን» ትላለች። በአገራችን ባህል ለባለሙያ «አልገባኝም» ማለት ነውር ስለሚመስል፣ ይህ «አዎን» ምንም ማስረጃ አይሆንም። የሚያስተማምነው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «እኅቴ፣ እስኪ አሁን አንቺ አሳዪኝ።» ትምህርቱ መጀመር ያለበት ቱቦው በገባበት ቀን ሲሆን፣ እናቲቱ ከመውጫው ቀን በፊት ቀንም ሌሊትም በገዛ እጅዋ ደጋግማ መመገብ አለባት፤ ነርሷ አጠገቧ ቆማ እጅዋን አጣምራ ብትመለከት ይበቃል። አንድ ሰው ብቻ ማስተማርም አይበቃም። እናት ትታመማለች፤ ለቅሶ ትሄዳለች፤ ገበያ ትወጣለች። ሁለተኛው ተማሪ አባት፣ አያት ወይም ለአካለ መጠን የደረሰች እኅት ሊሆን ይችላል።

በአፍንጫ የሚገባው ቱቦ ዋነኛ አደጋ አንድ ነው፦ ጫፉ ከጨጓራ ውጭ መሆኑ። ቱቦው በሳል፣ በትውከት ወይም በሕፃኑ እጅ ተስቦ ወደ ጉሮሮ ሊመለስ፣ እንደገና ሲገባም ወደ አየር ቧንቧ ሊያመራ ይችላል። በዚያ ጊዜ የወረደ ወተት ሳንባ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት የቱቦው ሥፍራ መረጋገጥ አለበት። በዚህ ላይ አንድ የቆየ ትምህርት መነሣት ይኖርበታል። በየትምህርት ቤቱ ለረዥም ዘመን ሲሰጥ የኖረው ዘዴ በሲሪንጅ አየር እየነፉ በማዳመጫ የሆድን ድምፅ መስማት ነበረ። ዳሩ ግን ቱቦው ሳንባ ወይም የምግብ ቧንቧ ውስጥ ሆኖም ድምፁ ሆድ ላይ ሊሰማ ይችላል። በእንግሊዝ አገር የሕሙማን ደኅንነት ብሔራዊ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ይህ ዘዴ እንዲቀር አዝዟል፤ የቱቦውን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የመጠበቁንም ዘዴ እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓመተ ምሕረትም ማስጠንቀቂያው ተጠናክሮ ወጥቷል። በየሆስፒታሉ ይህ ዘዴ አሁንም በእጅ ልማድ ሲሠራበት ይታያል። ለእናቶች ማስተማሩ ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ የማያስተማምን ነገር በሚያስተማምን ድምፅ ማስረከብ ነውና።

የሚያስተማምነው ከቱቦው ጥቂት ፈሳሽ ስቦ በፒኤች ወረቀት መለካት ነው። ውጤቱ 5.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የጨጓራ አሲድ ስለሆነ መመገብ ይቻላል። ሕፃኑ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ወይም ጥቂት ቀደም ብሎ ወተት ወስዶ ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ሊል እንደሚችል መታወቅ አለበት። ፈሳሽ አልሳብ ሲል ሕፃኑን በግራ ጎኑ ማስተኛት፣ ጥቂት አየር ሰድዶ ቱቦውን ከጨጓራው ግድግዳ ማላቀቅ፣ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ እንደገና መሞከር ይገባል። ጥርጣሬው ካልጠራ ራጅ ይነሣል እንጂ «ይሆናል» ተብሎ ምግብ አይወርድም።

ነገር ግን የፒኤች ወረቀት በየወረዳው ከተማ ፋርማሲ የሚገኝ ዕቃ አለመሆኑን ይህ ጉባኤ ያውቃል። ሊትመስ ወረቀት ቢገኝም አሲድ መኖሩን እንጂ መጠኑን ስለማይለይ ምትክ አይሆንም። እንግዲህ ሆስፒታሉ ሕፃኑን በአፍንጫ ቱቦ ወደ ቤት ሲልክ ወረቀቱን አብሮ መስጠት አለበት፤ መስጠት ካልቻለ ልኮ ማሳደሩን ደግሞ ማሰብ አለበት። አንድ ወረቀት በማጣት ሕፃን አልጋ ይዞ እንዲቆይ ማድረግ ውድ ነው፤ ያለ ወረቀቱ መላክ ግን የበለጠ ሊያስከፍል ይችላል። እናቲቱ ቢያንስ ቱቦው ከአፍንጫ በሚወጣበት ሥፍራ በማይለቅ ቀለም የተሰመረውን ምልክት ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት ትመልከት፤ የሕፃኑንም አፍ ከፍታ ቱቦው ጉሮሮው ውስጥ ተጠቅልሎ እንደሆነ ትይ። ምልክቱ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ምግቡ ይቅር፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። አንድ ምግብ መዝለል ሕፃንን አይገድልም።

ምግብ ሲወርድ ሕፃኑ ቢያስል፣ ቢያለቅስ፣ ድምፁ ቢጎረና ወይም ከንፈሩ ቢጠቁር ወዲያው ማቆም እንደሚገባ እናቶች ቶሎ ይረዳሉ። የማይረዱት፣ ባለሙያውም ብዙ ጊዜ የማይነግራቸው፣ አንጎሉ የተጎዳ ሕፃን የማሳል ኃይሉ የደከመ በመሆኑ ዝምታው የደኅንነት ምልክት አለመሆኑን ነው። እንዲህ ያለው ሕፃን ሳንባው ውስጥ ወተት እየገባ እንኳ ፀጥ ብሎ ሊተኛ ይችላል።

አመጋገቡን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል። የሕፃኑ ራስና ደረት ከፍ ይላል፤ አልጋው ላይ ትራስ ደልድሎ ወይም በእናቲቱ ክንድ ላይ አቅፎ፣ ከምግቡም በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት እንዲሁ ይቆያል። የሲሪንጁ መግፊያ ወጥቶ ወተቱ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ይደረጋል፤ ሲሪንጁ ከፍ ሲል ይፈጥናል፣ ዝቅ ሲል ይዘገያል። አንድ ምግብ ሕፃን ጡት ጠብቶ የሚጨርስበትን ያህል ጊዜ ይውሰድ። በመግፊያ ተጭኖ ማውረድ ሥራ ለበዛባት እናት ደስ ቢያሰኝም ትውከትን ይጠራል። በመጨረሻም ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ለጨቅላ ከ1 እስከ 3፣ ለትልቅ ልጅ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር በቱቦው ይለቀቃል፤ አለዚያ ወተቱ ውስጡ ረግቶ ይደፍነዋል። የተደፈነ ቱቦ ለብ ባለ ውሃ ቀስ ብሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በመሳብ ይሞከራል። ሽቦና ስንጥር ግን እንዳይነኩት።

ከዚህ የበለጠ ጊዜ የሚገባው ምግቡ ራሱ ነው። በሆዱ ቱቦ የሚመገብ ልጅ ወራት ሲቆጠሩ እየከሳ ወደ ሆስፒታል የሚመለስበት ምክንያት ብዙ ጊዜ በሽታው አይደለም፤ ምግቡ እየቀጠነ መሄዱ ነው። የቆርቆሮ ወተት ውድ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ እናቲቱ አጥሚት ወይም ሙቅ ትሠራለች፤ አጥሚቱ በቱቦው አልወርድ ሲል ውሃ ትጨምራለች። የእህል ዱቄት አንዱ ግራም ከ4 ካሎሪ የማይበልጥ ጉልበት ስላለው፣ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ግራም ዱቄት ብቻ ያለበት ቀጭን ሙቅ ከ20 ካሎሪ አያልፍም። የእናት ጡት ወተት በዚሁ መጠን ወደ 70 የሚጠጋ፣ ኤፍ-100 ደግሞ 100 ካሎሪ ይሰጣል። ልጁ ሆዱ ሞልቶ ይራባል ማለት ነው፤ ለመናገርም ለማልቀስም አቅም ስለሚያጣ ማንም አይሰማውም።

ለዚህ ችግር አንዱ መላ በየቤቱ አለ፤ ይኸውም ብቅል ነው። ጠላ ጠምቃ የምታውቅ ሴት ሁሉ ብቅል የእህሉን ድፍድፍ እንደሚያፈታው ታውቃለች። በቅሎ የደረቀ እህል በውስጡ ስታርችን የሚሰባብር ኢንዛይም አለው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በታንዛኒያ ለሕፃናት ገንፎ በሰፊው የተሞከረው ይኸው ነው። ወፍራም ገንፎ ከተበሰለ በኋላ ወርዶ ትኩሳቱ ሲቀንስ፣ ግን ገና ሞቃት ሳለ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት ቢጨመርበትና ቢታሸ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ ሾርባ ይቀጥናል፤ ዱቄቱ ግን በውስጡ እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ እንደገና መፍላት አለበት፤ ጥሬ የብቅል ዱቄት ጀርም ስለማያጣው። በማሽላ ብቅል ፈንታ የገብሱ ይመረጣል፤ የማሽላ ቡቃያ መርዛማነት አለውና። የሻገተ ብቅል፣ ወይም ለጠላ ተብሎ ከጌሾ ጋር የተነካካ ብቅል ለልጅ አይሆንም። በላዩ የሚጨመር አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወደ 40 ካሎሪ ይሰጣል፤ የሽምብራ ወይም የምስር ዱቄት፣ የተቻለ እንደሆነም እንቁላልና ወተት ሰውነት ገንቢውን ያሟላሉ። ይህ ሁሉ ግን ስድስት ወር ለሞላው፣ የሆድ ቱቦው ውፍረት ቁጥር 14 ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ ነው። በአፍንጫ ለሚገባ ቀጭን ቱቦ ወተት እንጂ እህል አይስማማውም። በወንፊት፣ ከዚያም በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ማጥለልም ግዴታ ነው። በቤት የተሠራ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ከተቀመጠ ይጣላል እንጂ ለሌሊቱ አይተርፍም።

ወደ ፎሊ ካቴተር ጉዳይ መመለስ ይገባል። ይህ ቱቦ ለሽንት ፊኛ የተሠራ በመሆኑ ከውጭ በኩል የሚይዘው ሳህን የለውም። ስለዚህ የምግቡ ግፊትና የጨጓራው መኮማተር ወደ ውስጥ እየሳቡት፣ የውሃው ኳስ የጨጓራውን መውጫ ሊዘጋ ይችላል። ልጁ በድንገት የበላውን ሁሉ ማስመለስ ሲጀምርና ቱቦው ከወትሮው አጥሮ ሲታይ፣ ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቱቦው ቀስ ተብሎ ተስቦ ወደ ምልክቱ ሲመለስ ትውከቱ ሊቆም ይችላል። ለዚህም ነው ቱቦው ከቆዳው ጋር የሚገናኝበት ሥፍራ በቀለም መሰመር፣ በፕላስተርም መጠናከር ያለበት። ኳሱ የሚሞላው በንጹሕ ውሃ ነው፤ አየር ያመልጣል፣ ጨው ያለበት ውሃም ደርቆ መተላለፊያውን ይደፍናል።

ቱቦው የወጣ እንደሆነስ? እናቶች ቱቦው በሌሊት ወጥቶ ሲያገኙት ብዙ ጊዜ ቁስሉን በጨርቅ ሸፍነው እስኪነጋ ይጠብቃሉ፤ ሲነጋም የሚሄዱበት ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ይልካቸዋል፤ ሆስፒታል ሲደርሱ ቀዳዳው ተዘግቷል። ቀዳዳው በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ መጥበብ ይጀምራልና፤ ልጁም ለዳግም ቀዶ ሕክምና ተራ ይይዛል። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ብዙ ወር ከሆነውና መንገዱ ከጸና፣ የሠለጠነች እናት በንጹሕ ውሃ የታጠበውን ያንኑ ቱቦ ወይም ከሆስፒታል የተሰጣትን ትርፍ ቱቦ ቀስ ብላ ጥቂት አስገብታ በፕላስተር ይዛ፣ ምንም ሳትመግብበት በዚያው ሰዓት ትጓዝ። የሚገባው ቀዳዳውን ክፍት ለማቆየት ብቻ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ገና ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያልሞላው እንደሆነ ግን ማንም ከቤት ምንም እንዳያስገባ፤ ጨጓራው ከሆድ ግድግዳ ጋር ገና አልተጣበቀም፤ ቱቦው በመካከላቸው ገብቶ ምግቡ ሆድ ዕቃ ውስጥ ቢፈስ ልጁ ይመረዛል፣ ሊሞትም ይችላል። ይህን ልዩነት እናቲቱ ብቻ ሳትሆን የጤና ጣቢያው ተረኛ ነርስም በትክክል ሊያውቀው ይገባል፤ የተለጠፈ መመሪያ በብዙው ሥፍራ አይገኝም።

ቤት ሲባል ቤተ ሰብም ጎረቤትም ነው። በአፍ የማይበላ ልጅ በማዕድ ዙሪያ ሲቀመጥ፣ አያቱ ሆዷ አልችል ብሎ ማንም ሳያይ አንዲት ጉርሻ ታጎርሰዋለች። ፍቅር ነው፤ መዋጥ ለማይችል ልጅ ግን ትንታ ይሆናል። ይህን በቁጣ መከልከል አያዋጣም። አያቲቱ ራሷ በቱቦው እንድታበላ ብትማር ጉርሻዋ ሥፍራ ያገኛል። ሐኪሙ የፈቀደለት ልጅ ደግሞ በአፉ መቅመስ አለበት፤ ዘወትር ባዶ የሚቀር አፍ መብላትን ይረሳል። አፉም ጥርሱም በየቀኑ ይጽዳ፤ በቱቦ ይበላል ተብሎ የተተወ አፍ የሳንባ ምች ምንጭ ነው።

የጠበልም ነገር ሊታለፍ አይገባውም። ብዙ እናቶች ልጃቸውን ወደ ጠበል ይወስዳሉ፤ አንዳንዶቹም «ብረት ወይም ላስቲክ ይዞ አይጠመቅም» ተብሎ ቱቦው ይነቀላል። ነርስ ከእምነት ጋር ሙግት መግጠም ሥራዋ አይደለም፤ አስቀድማ «ጠበል ልትወስጂው አስበሻልን?» ብላ መጠየቅ ግን ሥራዋ ነው። ጥያቄው ያለ ንቀት ከቀረበ መልሱም ያለ መደበቅ ይመጣል። ልጁ ቱቦው ሳይነቀል፣ ብርድ ሳይመታው እንዲጠመቅ፣ የሚጠጣውም ጠበል ወይም የዘምዘም ውሃ ጥቂት ሆኖ ከዕለቱ ውሃ እንዲቆጠር መስማማት ይቻላል። ለተጎዳ ጨቅላ ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ማውረድ አደገኛ መሆኑም አብሮ ይነገር። ልጁን ከሰው ዓይን ለመሸሸግ ሲሉ ክትትል የሚያቋርጡ ቤተ ሰቦችም አሉ፤ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እዚህ ላይ የማይተካ እጅ ናቸው፤ ቢያንስ በቤታቸው አካባቢ ቱቦ ያለበት ልጅ መኖሩ ይነገራቸው።

በውጭ አገር በዚህ ሙያ የሚሠሩ የማኅበሩ አባላት የሚገጥማቸው አደጋ በከፊል ሌላ ነው። በዚያ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ በፓምፕ ይመገባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2022 የፓምፑ ረዥም ቱቦ በሕፃናት አንገት ላይ ተጠምጥሞ ሞት ማድረሱን ገልጾ አስጠንቅቋል። የመመገቢያ ሲሪንጅ ከደም ሥር መስመር ጋር እንዳይገጥም ተብሎ ኤንፊት የተባለው ልዩ መጋጠሚያ የወጣውም በስሕተት ወተት ወደ ደም ሥር የገባባቸው አጋጣሚዎች ስለነበሩ ነው። ይህ መጋጠሚያ በሌለበት የሆስፒታል ክፍል፣ ካኑላም የመመገቢያ ቱቦም ያለበት ሕፃን ሲተኛ ነርሷ ከመክፈቷ በፊት መስመሩን በእጅዋ እስከ ሕፃኑ አካል ድረስ ተከትላ ማየት አለባት።

የቀረው የወረቀት ጉዳይ ነው። ሕፃኑ ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት የቱቦውን ዓይነትና ቁጥር፣ የገባበትን ቀን፣ ምልክቱ ያረፈበትን ሴንቲ ሜትር፣ በኳሱ ውስጥ ያለውን የውሃ መጠን፣ የሚቀየርበትንም ቀን ይያዝ። ጠንካራው የፕላስቲክ ቱቦ በሳምንት ገደማ ይደርቃል፤ ፖሊዩሬቴንና ሲሊኮን ለሳምንታት ይቆያሉ፤ ሲቀየርም በሌላኛው አፍንጫ ይገባል። የሆድ ቱቦ ዙሪያ በውሃና በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፤ መቅላት፣ መግልና መሽተት ሲታይ ይመጣል። ማንበብ ለማትችል እናት ሥዕል ይሣልላት። ልጁ በየወሩ ይመዘን፤ እያደገ ሲሄድ የምግቡ መጠን፣ የቱቦውም ርዝመት አብሮ ይለወጣል፤ ባለፈው ዓመት የተጻፈው ሴንቲ ሜትር ለዘንድሮው ልጅ አይሆንም።